የከርሰ ምድር ውሃ ብክለትን ይዞ እንዴት ይጓዛል?

የዛሬው ርዕሳችን የከርሰ ምድር ውሃ ነው።

የከርሰ ምድር ውሃ ከእግራችን በታች እንደ ልቡ የሚፈስ ይመስለን ይሆናል። አብዛኛውን ጊዜ ግን በአሸዋና በጠጠር መካከል ባሉ ጥቃቅን ክፍተቶች እየተሹለከለከ ነው የሚያልፈው።

እስቲ የገበያ ቀንን እናስብ። ብዙ ሰው በአንድ በር አብሮ ገባ እንበል። አንዱ በሰፊው መንገድ ቀጥ ብሎ ያልፋል። ሌላው በጠባቡ ይዞራል። አንዷ ደግሞ በርበሬ ተራ ቆማ ዋጋ ትከራከራለች። ታዲያ በወዲያኛው በር አብረው ይወጣሉ? አይወጡም፤ ተንጠባጥበው ነው የሚወጡት።

ብክለትም እንዲሁ ነው። ከመጸዳጃ ጉድጓድ የሚወጣ ናይትሬት ከውሃው ጋር እኩል ይጓዛል። እርሳስ ግን ብዙውን ጊዜ ሸክላ አፈር ላይ እየተጣበቀ ወደ ኋላ ይቀራል።

ውሃ በእንዲህ ያሉ ክፍተቶች የሚፈስበትን ሕግ እ.ኤ.አ. በ1856 ያሳተመው ፈረንሳዊው መሐንዲስ ሄንሪ ዳርሲ ነው። ውሃን በአሸዋ በተሞላ ቱቦ እያሳለፈ ለካ። ዛሬ ደግሞ ባለሙያዎች መሬቱን በኮምፒውተር ወደ ትንንሽ ክፍሎች ይከፋፍሉታል። ከዚያም ወደ እያንዳንዱ ክፍል የሚገባውንና ከእሱ የሚወጣውን ውሃና ብክለት ያሰላሉ። ሞዴል የሚባለው ይኸው ነው።

እንግዲህ ብክለት ከውሃው ጋር ስለሚጓዝ፣ የውሃ ጉድጓድ ከማስቆፈራችሁ በፊት የከርሰ ምድር ውሃው ከየት ወዴት እንደሚፈስ ባለሙያ ጠይቁ።