የጌሾ ወጪያችን ለምን ጨመረ?



በሒሳብ ሪፖርታችን የጌሾ ወጪ ለምን እንደጨመረ ጠይቃችሁናል።

ለፋሲካ ጠላ ከሞጆ ገበያ የተወቀጠ ጌሾ ገዝተን ነበር። ርካሽ ነው፤ የወቃጭ ክፍያም ያስቀራል። ጋኑ በወይራ ታጥኗል፣ ብቅሉም የወትሮው ነው። ሆኖም ሁለት ጋን ሆመጠጠብን። ጌሾ ለምሬት ብቻ አይደለም፤ ጠላው ቶሎ እንዳይሆመጥጥም ይረዳል። እናቶቻችን ዱቄቱን ቀምሰው «ይህ ከርሟል» አሉ። ቅጠሉ ስንት፣ እንጨቱ ስንት እንደሆነም ሊለዩት አልቻሉም።

የቢራ ጠማቂዎችም የተዘጋጀ መራራ ይገዛሉ። የእነሱ ሆፕስ ካልፈላ ምሬቱ በደንብ አይወጣም፤ ስለዚህ ምሬቱ አስቀድሞ ወጥቶለት፣ ከፈላ በኋላ የሚጨመር ጭማቂ ይሸጥላቸዋል። ግን መጠኑ ተለክቶ ነው። የእኛ ጌሾ ሳይፈላ በጥንስሱ ውኃ ምሬቱን ይሰጣል፤ የገበያውን ዱቄት ግን ማንም አልለካልንም።

አሁን ቅጠሉንና እንጨቱን ለየብቻ ገዝተን፣ አስጥተን፣ በራሳችን ሙቀጫ እናስወቅጣለን። የተወቀጠበት ቀን በመዝገብ ይሰፍራል። ወጪው የጨመረው በዚህ ነው፤ ለወቃጮቹም የምንከፍለው ለአባሎቻችን ነው።

ከዚያ ወዲህ የደፋነው ጋን የለም። የሁለቱ ጋን ዋጋ «ኪሳራ» በሚለው ሥር ተጽፏል፤ ገጹን ገልጣችሁ ማየት ትችላላችሁ።