ኮረሪማ፦ የከፋ ጫካ መድኃኒት

ኮረሪማ ከዝንጅብልና ከእርድ ወገን የሆነ፣ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ጫካ በተፈጥሮ የሚበቅል ተክል ነው። ሳይንሳዊ ስሙ አፍራሞመም ኮሮሪማ ነው። ከሕንድ ከሚመጣው ሄል ጋር ቢዛመድም ዝርያው የተለየ ነው። ከቦንጋ ዙሪያ እስከ ጨና ወረዳ ዋጫ ባለው የከፋ ምድር ቡናና ኮረሪማ በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር አብረው ያድጋሉ። ቅጠላማው ግንድ ከ1 እስከ 2 ሜትር ይረዝማል፤ አበባውና ፍሬው ግን የሚወጡት ከመሬት አጠገብ ነው። ፍሬው ሲበስል ይቀላል፤ ከተለቀመ በኋላ እየተበሳ በገመድ ይሰካና ይደርቃል።

በባህላዊ ሕክምና ዋናው ሥራው ሆድን ማስታገስ ነው። ለሆድ መነፋትና ለቁርጠት፣ እንዲሁም ሆድ ሲደርቅ ለማለስለስ ፍሬው ተፈልፍሎ ዘሩ ይወቀጥና በሻይ ወይም በቡና ይጠጣል። ንጥር ቅቤና ሚጥሚጣ ውስጥ መግባቱም ለጣዕም ብቻ አይደለም፤ ቅባት የበዛበትን ምግብ ለሆድ ቀላል ያደርገዋል ተብሎ ይታመናል። በዚህ ተክል ምግብንና መድኃኒትን የሚለየው ድንበር እጅግ ቀጭን ነው።

የዘሩ መዓዛ የሚመነጨው ከሚተን ዘይቱ ነው። በዘይቱ ውስጥ ጎልቶ የሚገኘው ሲኒዮል የተባለው ውህድ ሲሆን፣ ይኸው ውህድ የነጭ ባሕር ዛፍ ቅጠል ዘይት ዋና ክፍል ነው። ሲኒዮል ለስላሳ ጡንቻን እንደሚያላላ በእንስሳት ላይ በተደረጉ ሙከራዎች ታይቷል፤ ቁርጠትን ያስታግሳል ለሚለው የቆየ ልማድ ይህ አሳማኝ ፍንጭ ይሰጣል። የዘሩ ዘይት አንዳንድ ባክቴሪያዎችንና ሻጋታዎችን እንደሚገታም በላቦራቶሪ ተረጋግጧል። ሆኖም በብልቃጥ ውስጥ ባክቴሪያን የገታ ሁሉ በሰው አካል ውስጥ በሽታን ያድናል ማለት አይደለም። ኮረሪማን በወጥና በቡና መጠን መውሰድ ለዘመናት የተለመደ ነው፤ ከዘሩ ተለይቶ የወጣው ዘይት ግን ሌላ ነገር ነው። ሲኒዮል የበዛበት ዘይት በተለይ ለሕፃናት አደገኛ ስለሆነ በአፍ ሊሰጣቸው አይገባም። የማይለቅ የሆድ ሕመም፣ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ወይም ትኩሳት ያለበት ሰውም ጤና ጣቢያ መሄድ አለበት።

የመድኃኒቱ ጥራት የሚጀምረው ከጫካው ነው። ሳይበስል የተለቀመ ፍሬ ዘሩ አይጎለምስም፣ መዓዛውም ይደክማል። ፍሬው እስኪፈለግ ድረስ ሳይፈለፈል መቀመጡም ዘይቱ ቶሎ እንዳይተን ይረዳል። ተክሉ ጥላና እርጥበት ስለሚሻ ዛፉ ሲመነጠር አብሮ ይጠፋል። የጫካ ቡናና ኮረሪማ በ2002 ዓ.ም. ዩኔስኮ በመዘገበው የከፋ ባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ውስጥ ከሚለቀሙት ምርቶች መካከል ናቸው።