የፍርሃት ደመወዝ



ሰው ልብ አንጠልጣይ ፊልም ሲመለከት ፍጻሜውን ለማወቅ ይቸኩላል። መምህር ግን ጭንቀቱ ከምን እንደ ተወለደ ይመረምራል፤ ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ ይባላልና።

ለዚህ ምርምር ፈረንሳዊው አንሪ ዦርዥ ክሉዞ የሠራው «የፍርሃት ደመወዝ» መልካም ምሳሌ ነው። ፊልሙ በ1953 እ.ኤ.አ. በካንና በበርሊን ታላቁን ሽልማት አግኝቷል። በላቲን አሜሪካ አንዲት ከተማ አገራቸውን የለቀቁ ሥራ ፈቶች ተሰብስበዋል፤ መመለሻ ገንዘብ የላቸውም። በሩቅ ያለ የነዳጅ ዘይት ጕድጓድ በእሳት ሲያያዝ፥ አንድ ኩባኒያ እሳቱን በፍንዳታ ለማጥፋት ናይትሮግሊሰሪን በሁለት ካሚዮን የሚያደርሱ አራት ሰዎች ይቀጥራል። ይህ ፈሳሽ በጥቂት መናወጥ የሚፈነዳ ነው። የያንዳንዱ ሰው ዋጋ 2,000 ዶላር ነው።

ክሉዞ ካሚዮኖቹን ከማስነሣቱ በፊት አንድ ሰዓት ያህል የሰዎቹን ችግር ያሳያል። ይህ ክፍል ተማሪን ያሰለች ይሆናል፤ ነገር ግን በኋላ የመንገዱ ጠጠር ሁሉ የሚያስፈራው ተመልካቹ ሰዎቹን አስቀድሞ ስላወቃቸው ነው።

ይህ ነገር ለጁባ ሩቅ አይደለም። ደቡብ ሱዳን በ2011 እ.ኤ.አ. ነፃ ስትወጣ የመንግሥቷ ገቢ በነዳጅ ዘይት ላይ የቆመ ነበር፤ ብዙ ኢትዮጵያውያንም እንጀራ ፍለጋ ወደ ጁባ ሄደዋል። እንግዲህ የእነዚህን ልጆች የሚያስተምር መምህር «ማን ይተርፋል?» ከማለት ይልቅ፥ «እነዚህን ሰዎች ካሚዮኑ ላይ ያወጣቸው ምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቅ። መልሱን ያገኘ ተማሪ ፊልምን ብቻ ሳይሆን የገዛ አባቱንም ድካም ማየት ይጀምራል።