ተሿሚ ሲወርድ ምን ይቀራል?



«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ሲባል እየሰማን አድገናል። ዩኒቨርሲቲን መምራት ግን ሌላ ዓይነት ቁጭት ያለው ሹመት ነው፤ እዚህ የሚያስቆጨው ሳይተክሉ መውረድ ነው። በቅርብ ዓመታት በዚህ ቤት፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ ብዙ ነገር ተለውጧል፤ አመራሩም አስተዳደሩም። ስለዚህ ዛሬ የማነሣው ጥያቄ አንድ ነው፦ ተሿሚ ሲወርድ ምን ይቀራል?

ይህ ቤት በ1943 ዓ.ም. በ33 ተማሪዎች ሥራ ሲጀምር ኮሌጅ ነበር፤ የሚመሩትም ካናዳዊው ዶክተር ሉስዬን ማት ነበሩ። በታኅሣሥ 1954 ዓ.ም. ወደ ዩኒቨርሲቲነት አደገ። ብዙ ሳይቆይ ልጅ ካሣ ወልደ ማርያም የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ፕሬዚዳንት ሆኑ፤ ከእርሳቸውም ዶክተር አክሊሉ ሀብቴ ተረከቡ። ከዚያ ወዲህ የቤቱ ስም ተለውጧል፤ የመንግሥት ሥርዓትም ተፈራርቋል።

በልጅ ካሣ ዘመን፣ በ1957 ዓ.ም.፣ የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተጀመረ። ተማሪው ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር ወርዶ ያገለግል ነበር፤ አብዛኛው በመምህርነት። አንድን ፕሬዚዳንት ለማስደሰት የተፈለሰፈ ሥራ ቢሆን ኖሮ ከእርሳቸው ጋር በተሸኘ ነበር። በተከታያቸው ዘመንም ቀጠለ፤ የዩኒቨርሲቲው ደንብ ሆኖ ነበርና።

የኢትዮጵያ ጥናት ተቋምንም እዩ። በ1955 ዓ.ም. ሲመሠረት ሪቻርድ ፓንክረስት የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሆኑ፤ ስታኒስላቭ ኾይናትስኪ ደግሞ ቤተ መጻሕፍቱንና ሙዚየሙን አደራጁ። ተቋሙ ያለው በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነው፤ በታኅሣሥ 1953ቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ መኳንንትና ሚኒስትሮች በተገደሉበት ግቢ። ንጉሠ ነገሥቱ የሰጡትን ቤት ደርግ አልዘጋውም፤ ኢሕአዴግም አገኘው። ብራናውና መጽሐፉ ከሦስት ሥርዓት በላይ የዘለቁት፣ ካርድ እየጻፉና መደርደሪያ እየጠበቁ ዕድሜያቸውን በፈጁ ሠራተኞች ነው። የእነርሱን ሥራ በሪፖርት ላይ እምብዛም አናነበውም።

ሌላም ስኬት አለ፤ መልቀቅ። የአለማያ እርሻ ኮሌጅ ከዚህ ቤት ሥር ነበር፤ በ1977 ዓ.ም. ራሱን ችሎ ዩኒቨርሲቲ ሆነ፤ የዛሬው ሐረማያ ነው። የጎንደሩ የሕክምና ኮሌጅም እንዲሁ ራሱን ችሎ ወጣ። ክፍሉን ለመልቀቅ የማይሳሳ ተቋም በራሱ የሚተማመን ነው።

በዓል ነው ብዬ ግን የመረረውን አልዘለውም። በ1985 ዓ.ም. ከ40 በላይ መምህራን በአንድ ጊዜ ከዚህ ዩኒቨርሲቲ ተሰናበቱ። ሕንፃው አልፈረሰም፤ ትምህርቱም ቀጠለ። ነገር ግን ወጣቱን መምህር የሚያርመው፣ የመመረቂያ ጽሑፉን መስመር በመስመር የሚያነበው አንጋፋ ሰው አብሮ ሄደ። አንድ ፕሮፌሰር ለመሆን የሚፈጀውን ዓመት በበጀት መግዛት አይቻልም። ውሳኔው ከዩኒቨርሲቲው ውጭ ሲመጣ የሚከፈለው ዋጋ ይህ ነው።

ስለዚህ በ2015 ዓ.ም. የወጣውን የራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲዎች አዋጅ፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም በአገሪቱ የመጀመሪያው ራስ ገዝ መሆኑን ከዚህ ታሪክ ጋር አያይዤ አየዋለሁ። በትምህርት፣ በሰው ኃይልና በገንዘብ ራስን ማስተዳደር ትልቅ ነፃነት ነው፤ ማመካኛንም ያሳጣል። እስከ ትናንት «ከበላይ ታዝዞ ነው» ይባል ነበር። ከእንግዲህ አቅም ያለው መምህር ቢገፋ፣ የደሃ ልጅ በክፍያ ምክንያት በር ላይ ቢቀር፣ ጠያቂው ወደዚሁ ቤት ይመጣል። ክቡር ፕሬዚዳንት፣ የእርስዎም ሆነ ከእርስዎ በኋላ የሚመጡት ዘመን የሚመዘነው በዚህ ይመስለኛል፦ ተተኪዎ መጀመሪያ ቀን ቢሮ ሲገባ ሰው ሳይጠይቅ ሊከተለው የሚችል ሥርዓት ያገኛል ወይ?

ተመራቂዎች፣ ይህ ለፕሬዚዳንት ብቻ የተነገረ አይደለም። የመውጫ ፈተናውን አልፋችኋል፤ ነገ ክፍል፣ ላቦራቶሪ፣ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ትረከባላችሁ። ብዙዎቻችሁ ከእናንተ በፊት የነበረው ሰው ምን እንደሠራ የሚናገር አንድ ወረቀት አታገኙም፤ «እሱ ሲሄድ ሁሉም ነገር ቆመ» ትባላላችሁ። እናንተ ስትሄዱ እንዲህ የሚባል ከሆነ ምስጋና መስሏችሁ እንዳትደሰቱ። የሠራችሁትን ጻፉ፤ ከሥራችሁ ያለውን ሰው አስተምሩ፤ ቁልፉን በኪሳችሁ ይዛችሁ አትሂዱ።

ወላጆች፣ ከጉሮሯችሁ ነጥቃችሁ ያስተማራችኋቸው ልጆች ለወግ ለማዕረግ በቅተዋልና ደስ ይበላችሁ። ተመራቂዎች፣ እንኳን ደስ አላችሁ፤ የያዛችሁትን ሁሉ ከተረከባችሁት አሻሽላችሁ ለማስረከብ ያብቃችሁ።