እንዶድና ምሁሩ፦ ልጆቻችን ሊያውቁት የሚገባ ስም

(በሐዴራ ለወላጆችና ለወጣቶች የተደረገ ንግግር። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)



ዛሬ ልናገር የተነሣሁት ስለ ምሁራን ነው። «እኛን የሥራው፣ የቤቱና የልጆቻችን ጉዳይ አስጨንቆናል፤ የምሁር ወሬ ምን ያደርግልናል?» የሚል ቢኖር አልፈርድበትም። ነገር ግን የማወራው በመጨረሻ የልጆቻችን ጉዳይ ስለ ሆነ ጥቂት ታገሡኝ።

ከዚሁ ከከተማችን ልጀምር። ሐዴራ በ1891 ስትቆረቆር ዙሪያዋ ረግረግ ነበር። ከመጀመሪያዎቹ ሰፋሪዎች ብዙዎቹ በወባ አለቁ። ረግረጉን ለማድረቅ ቦይ ተቆፈረ፣ ባሕር ዛፍም ተተከለ። በዚያ ዘመን ከወባ ጋር ከታገሉት ሰዎች አንዱ ዶክተር ሂሌል ያፌ ነበሩ። ዛሬ ስንቶቻችሁ የወለዳችሁበት፣ ስንቶቻችሁም የምትሠሩበት የሐዴራ ሆስፒታል በእሳቸው ስም ይጠራል። ከተማዋ በክፉ ቀን የደረሰላትን ሰው አልረሳችም። ስሙንም በየቀኑ እንድንጠራው በሩ ላይ ጻፈችው።

እኛስ? ከመጣንበት አገር ውኃውን፣ አፈሩንና ዘሩን ያጠኑ ሰዎች የሉንም? አሉን። ስማቸውን ግን ለልጆቻችን አልነገርናቸውም።

እናቶች፣ እንዶድን ታስታውሳላችሁ። ሳሙና ባልነበረበት ጊዜ ነጭ ልብሳችን ለሰንበት የሚጸዳው በእንዶድ ነበር። ፍሬው ይደርቃል፣ ይወቀጣል፣ በውኃ ሲታሽ አረፋ ያወጣል። ይህን ከእናታችሁ ተማራችሁ እንጂ ማንም ፕሮፌሰር አላስተማራችሁም።

በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ የተባሉ ወጣት ተመራማሪ በአሜሪካው ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ተምረው ወደ አገራቸው ተመልሰው ነበር። የሚያጠኑትም ቢልሃርዝያን ነው። የዚህ በሽታ ትል በውኃ ውስጥ በሚኖር ቀንድ አውጣ ሰውነት ውስጥ ያድጋል። ከዚያ ወጥቶ በውኃው ውስጥ የሚታጠበውን፣ የሚሻገረውን፣ የሚዋኘውን ሰው በቆዳው በኩል ይገባበታል። ወንዝ ዳር ለኖርን ሰዎች ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። በዘመቻ ሙሴም በዘመቻ ሰሎሞንም ከመጣነው መካከል ብዙዎቻችን እዚህ ስንደርስ ተመርምረን ይኸው ትል ተገኝቶብን ኪኒን ውጠናል።

ዶክተር አክሊሉ ዓድዋ ላይ ወንዝ ወርደው ሲያጠኑ አንድ ነገር ዐይናቸው ገባ። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ብዙ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ነበሩ። ከዚያ ራቅ ባለው ውኃ ግን ቀንድ አውጣዎቹ በሕይወት ነበሩ። ሌላው ሰው አይቶ ያልፈው ነበር። እሳቸው ግን ቆመው ጠየቁ። እንዶዱን ወደ ቤተ ሙከራ ወስደው ፈተኑት፤ በእርግጥም ቀንድ አውጣውን የገደለው እንዶዱ ነበር። ኋላም በዚያችው በዓድዋ ወንዞቹን በእንዶድ ለዓመታት ሲያክሙ፣ በትንንሽ ልጆች ላይ የነበረው በሽታ ከ50 ከመቶ ወደ 7 ከመቶ ወረደ።

ልብ በሉ፤ የዚህ ሳይንስ ግማሹ የምሁሩ ነው፣ ግማሹ የአጣቢዎቹ ሴቶች ነው። እነዚያ ሴቶች ባይኖሩ ምሁሩ የሚያየው ነገር አልነበረውም። ምሁሩ ባይጠይቅ ደግሞ የሴቶቹ ዕውቀት ከወንዙ ማዶ አይሻገርም ነበር።

ታዲያ ዓለም ወዲያው እልል ብሎ ተቀበላቸው እንዳትሉ። ብዙ ዓመት ተጉላልተዋል። ሙከራው በውጭ አገር ቤተ ሙከራ ካልተደገመ አይታመንም ተባለ፤ ለዚያ የሚሆን ገንዘብ ደግሞ በቀላሉ አልተገኘም። ችግሩ የሳይንስ ብቻ እንዳልነበረ፣ ከድሃ አገር ትልቅ ግኝት ሊወጣ ይችላል ብሎ ማመን ለብዙዎች ከባድ እንደ ነበረ ዶክተር አክሊሉ ራሳቸው ተናግረዋል። እዚህ ያለን ሰዎች ይህን ስሜት ማንም ሊያስረዳን አያስፈልግም።

እውነቱን ሳልሸሽግ፣ እንዶድ ጉድለት አለው። ዓሣንም ይገድላል፣ ስለዚህ በጥንቃቄ ነው የሚሠራበት። ፕራዚኳንቴል የሚባለው ኪኒን ከመጣ ወዲህም ብዙ መንግሥታት ያተኮሩት በኪኒኑ ላይ ነው። ኪኒኑ ግን የታመመውን ሰው ያድናል እንጂ ውኃውን አያጸዳም። ሰውየው ተመልሶ ወደዚያው ወንዝ ከወረደ ተመልሶ ይታመማል።

ዶክተር አክሊሉ በ1966 በአዲስ አበባ ያቋቋሙት የፓቶባዮሎጂ ተቋም ዛሬ በስማቸው ይጠራል። በ1989 በስዊድን የሚሰጠውን፣ «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን ራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት፣ የእንዶዱን ዘር አሰባስበውና መርጠው ካሻሻሉት ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ተቀበሉ። በ1997 ዐረፉ።

በዚያው በ1989 ያንኑ ሽልማት ሌላ ኢትዮጵያዊም ተቀብለዋል፤ ዶክተር መላኩ ወረደ። እሳቸው አዲስ አበባ ባለው የዘር ማዕከል፣ በድርቅና በአዲስ ምርጥ ዘር ምክንያት ሊጠፋ የነበረውን የገበሬውን የጤፍ፣ የገብስ፣ የማሽላና የስንዴ ዘር በቀዝቃዛ ክፍል ብቻ ሳይሆን በገበሬው ማሳ ላይ ጭምር እንዲጠበቅ አደረጉ። አባቶች፣ ለዘር የሚሆነውን እሸት መርጣችሁ ጎታ ውስጥ ለብቻው ታስቀምጡ አልነበረም? የዶክተር መላኩ ሥራ መነሻው እሱ ነው።

ሦስተኛው ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር ናቸው። በ2000 በሞንትሪያል የጸደቀው፣ በዘረ መል የተለወጡ ዘሮች ከአገር አገር ሲሻገሩ ጥንቃቄ እንዲደረግ የሚያዝዘው ስምምነት ሲደረድሩበት፣ የታዳጊ አገሮች ዋና ተደራዳሪ እሳቸው ነበሩ። በዚያው ዓመት እሳቸውም ይኸው ሽልማት ተሰጣቸው። ለብዙ ዓመታት ሲከራከሩለት የኖሩት አንድ ነገር ነው፤ የገበሬና የእናቶች ዕውቀት ባለቤት አለው፣ ሳይጠየቅ አይወሰድም። ነገሩ ባዶ ክርክር አልነበረም። በ1990ዎቹ አንድ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ እንዶድን በሌላ የውኃ ተባይ ላይ ለመጠቀም በስሙ ፓተንት አስመዝግቦ ነበር። ኢትዮጵያ በ2006 የማኅበረሰብን ዕውቀት የሚጠብቅ አዋጅ አወጣች። ዶክተር ተወልደ በመጋቢት 2023 ዐረፉ።

አሁን ወደ ልጆቻችን ልመለስ። አንዲት የዘመዴ ልጅ ከትምህርት ቤት «ስለ ሴት አያታችሁ ዕውቀት ጻፉ» ተብላ መጣች። «ምን ጻፍሽ?» አልኳት። «አያቴ መጻፍ አትችልም፣ ምንም አታውቅም» አለችኝ። አያቲቱ እዚያው አጠገባችን ቡና ትቆላ ነበር። ዝም አለች። እኔም ዝም አልኩ፤ እስከ ዛሬም ዝም ማለቴ ያሳፍረኛል። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ማለት ይህ ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገር እለምናችኋለሁ።

አንደኛ፣ በመጪው ሰንበት ልጆቻችሁን አስቀምጣችሁ እንዶድን፣ ጌሾን፣ ኮሶን፣ የዘር አያያዙን ንገሯቸው። በዕብራይስጥ መናገር ካቃታችሁ በአማርኛ ወይም በትግርኛ ንገሯቸው፤ ታላላቆቹ ይተርጉሙ።

ሁለተኛ፣ ወጣቶች፣ የነገሯችሁን በዕብራይስጥ ጽፋችሁ ለሳይንስ መምህራችሁ ስጡ። የአካባቢ ሳይንስ ለባግሩት የሚመረጥ ትምህርት ነው። የእናታችሁ ዕውቀት እዚያ ቦታ አለው።

ሦስተኛ፣ ወላጆች፣ ልጃችሁን በሒሳብና በሳይንስ ዝቅተኛው ሃክባጻ ውስጥ አስቀመጥነው ሲሏችሁ፣ ምክንያቱን ሳትጠይቁ አትፈርሙ። ቋንቋው ካስቸገራችሁ ከእኛ አንዱን ይዛችሁ ሂዱ፤ አብረናችሁ እንመጣለን። ሳይንስ የሚጀምረው በመጠየቅ ነው፤ ዶክተር አክሊሉም ወንዙ ዳር ያደረጉት ይህንኑ ነው።

ሐዴራ የሐኪሟን ስም በሆስፒታሏ በር ላይ ጽፋለች። እኛ ገና የምንጽፍበት በር የለንም። እስከዚያው ግን በልጆቻችን ልብ እንጻፈው። ምናልባት አንድ ቀን እዚህ ከኋላ ከተቀመጡት አንዷ ወንዝ ዳር ቆማ ሌላው ሰው ያላየውን ታይ ይሆናል።