ፎቁ ይሠራ፣ እኛም እንቆጠር
(በማኅበራችን ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



በ2002 ዓ.ም. ግድም የልደታ ነባር ሰፈር ፈርሶ ኮንዶሚኒየምና የንግድ ሕንፃ ተተካበት። በሚያፈስ ጣሪያና በጋራ ሽንት ቤት ለኖረ ሰው የራሱን ቁልፍ መያዝ ትልቅ ነገር ነው። ታዲያ ያኔ ያጉረመረመው ሁሉ ልማት ጠል ነበር? አይደለም። ቅድመ ክፍያው ያልሞላላት ከሰፈሯ ወጣች፤ እንጀራ ጋግራ የምታድር እናት ምጣድ የምትጥድበትን ጓሮ አጣች፤ ዕድርተኛው ተበታተነ። ቅሬታው በፎቁ ላይ ሳይሆን ሳይጠየቁ በመነሣት ላይ ነበር።

ዛሬም የመልሶ ማልማት ወሬ ሲመጣ «አንነሣም» ብቻ ማለት አያዋጣም፤ ዝምታም አያዋጣም። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ሲወጣ፣ አስቸኳይ ካልሆነ በቀር፣ ባለይዞታው ቦታውን ከማስረከቡ ቢያንስ አንድ ዓመት አስቀድሞ እንዲመከር ይል ነበር። በፕላኑ መሠረት በግል ወይም በቡድን የማልማት ቅድሚያም ይሰጠው ነበር።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ የደባሎች ነገር ነው። ከመካከላችን ስንቶቻችን ነን በሰው ስም በተያዘ ቤት ልጅ የምናሳድግ? ውሉ ላይ ስሟ የሌለ ሴት በቀላሉ ትረሳለች።

ስለዚህ የኪራይ ውልና ደረሰኝ ያላችሁ በጥንቃቄ ያዙ። ቆጣሪ ሲመጣ በቤት ውስጥ የምትሠሩትን ሥራ ጭምር አስመዝግቡ። ስብሰባ ሲጠራ አባወራው ብቻ አይሂድ፤ እናንተም ተገኙ፤ የተባለው በቃለ ጉባኤ መስፈሩን አረጋግጡ።

ደጋፊዎቻችንም ለቅድመ ክፍያ የምንቆጥበውን ገንዘብ እንድታግዙን እንለምናለን። በሩ ሲከፈት ቁልፉን የመግዛት አቅም ይኑረን።