ቁጣን ስለ መግዛትና እምነትን በሥራ ስለ መግለጥ
(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



የዕድራችን ደንብ ቀብር የቀረውን ይቀጣል፤ መዋጮ ያጓደለውንም ይቀጣል። ከጎረቤቱ ጋር ተኳርፎ ዓመት ለሚከርመው ሰው ግን ምንም አላለም። ጡሩንባ ሲነፋ ሁላችንም እንወጣለን። ድንኳኑ ውስጥ ግን ሁለት ጎረቤታሞች ዓይን ላይን ሳይተያዩ ንፍሮ ሲበሉ እናያለን። መነሻው ምንድን ነው ቢሉ፣ የአጥር ወሰን ነው፤ የዝናብ ውሃ መውረጃ ነው፤ የልጆች ጠብ ነው። ዱከም እየሰፋች፣ መሬቱም እየተወደደ ከሄደ ወዲህማ አንድ ክንድ ቦታ ወንድማማች ሲያጣላ አይተናል።

መቆጣት ሁሉ ኃጢአት ነው አንልም። ጌታችን በምኵራብ ስለ ሰዎቹ ልብ ድንዳኔ አዝኖ እንደ ተቆጣ በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 3 ተጽፏል። ነገር ግን ወዲያው ምን አደረገ? የሰለለውን እጅ ፈወሰ። የእርሱ ቁጣ በጎ ሥራ ወለደ። የእኛ ግን ሲያድር ቂም ይሆናል። «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» የተባለውም ለዚህ ነው።

«እኔ በልቤ ይቅር ብያለሁ» የሚል ሰው ብዙ ነው። ሐዋርያው ያዕቆብ በመልእክቱ ምዕራፍ 2፣ የተራበውን በባዶ ቃል የሚያሰናብት ሰው ምን ረባ ብሎ ይጠይቃል። ይቅርታም እንደዚሁ ነው፤ የጎረቤትን ደጅ ካልረገጠ ባዶ ቃል ነው።

በታላላቆቹም ዘንድ ይህ ደርሷል። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን አባቶች ባገር ቤትና በውጭ በሁለት ሲኖዶስ ተከፍለው ከ25 ዓመት በላይ ቆዩ። በሐምሌ 2010 ዓ.ም. ዋሽንግተን ላይ ታረቁ። አቡነ መርቆሬዎስ ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ የእርሳቸውና የአቡነ ማትያስ ስም በጸሎት አብሮ ይጠራ ጀመር። አቡነ መርቆሬዎስ በየካቲት 2014 ዓ.ም. አረፉ። ከዕርቁ እስከ ዕረፍታቸው አራት ዓመት እንኳ አልሞላም። ዕርቁ ጥቂት ቢዘገይ ኖሮ የቀረው ለቅሶ ብቻ ነበር።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ስንቆጣ በዚያው ሰዓት መልስ አንስጥ፤ ቃል ካፍ ከወጣ አይመለስም። ነገሩን ለሰፈሩ ሁሉ ከማውራት ለባለቤቱ እንንገር። ብቻችንን ካልሆነልን አንድ ሽማግሌ ይዘን እንሂድ፤ የኦሮሞ አባቶች ጃርሱማ የሚሉት የሽምግልና ሥርዓት እዚሁ በደጃችን አለ። የበደልን እንደ ሆነ የወሰድነውን እንመልስ፤ ያፈረስነውን አጥር እንጠግን። ካሣ የሌለው ይቅርታ ግማሽ ነው።

አንድ ነገር ግን እንለይ። ዕርቅ ማለት ግፍን መሸፈን አይደለም። ሚስቱን የሚደበድበውን ሰው «ቻዪው» ብሎ ማስታረቅ የክርስቲያን ሽምግልና አይደለም፤ መጀመሪያ ዱላው ይቁም፤ ካልቆመም ወደ ሕግ ይኬድ።

ወገኖቻችን፤ የሞተውን በክብር መቅበር ዕድራችን የቆመለት ሥራ ነው፤ አልጎደለብንም። የጎደለን በቁም መታረቅ ነው። የተኳረፍን ካለን ከዚህ ስንወጣ ወደ ቤታችን ሳንገባ በጎረቤታችን በኩል እንለፍ። ሬሳ ይቅርታ አይሰማም።

እግዚአብሔር አምላክ ልብ ይስጠን። አሜን።